አሜሪካ ሃይስኩል ላይ ኳስ ይዞ መቆም ይቻላል እንዴ? የአንባቢዎች ጥያቄ ስለ ባስኬት

ሰላም ናችሁ ወገኖች! በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ከጎጃም ናቸው፣ ከፍኖተ ሰላም፣ ከደብረ ማርቆስ፣ ከዳንግላ፣ ከቢቸና፣ ከቡሬ። ሁሉም ማለት ይቻላል ስለ ባስኬት ነው ሚጠይቁት፣ በተለይ ስልክ ላይ የሚያዩት የአሜሪካ ሃይስኩል ጨዋታና የኮሌጁ ጨዋታ ህጉ ለምን አልገጥም እንዳላቸው። ስለዚህ አምዱን ሙሉ ለባስኬት ለቀነዋል፣ የእግር ኳስ ጠያቂዎች እስከሚቀጥለው ታገሱን። ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፣ እዛው አገር የሆነ ነገር ስለሆነ ብንቀይረው ግራ ያጋባል።

ከፍኖተ ሰላም፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ

ጋሼ ሰላም ነው? ዩቲዩብ ላይ የአሜሪካ ሃይስኩል ጨዋታ እያየሁ ነበር፣ እየመራ ያለው ቡድን ኳሱን ይዞ መሃል አካባቢ ዝም ብሎ ቆመ፣ ተከላካዮቹም ቀለበት ስር ተሰብስበው አልወጡም፣ ከደቂቃ በላይ እንደዛ ሆነው ዳኛው ምንም አላለም። ታላቅ ወንድሜ ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ ነው ሚማረው፣ አሳየሁት እና "ቪድዮው ተቆርጦ የተቀጠለ ነው፣ 24 ሰከንድ የሚባል ህግ አለ" ብሎ ሳቀብኝ። ማነው ልክ?

መልስ፦ ሁለታችሁም። ችግሩ የምታወሩት ስለተለያየ ሜዳ መሆኑ ነው። ወንድምህ የጠቀሰው 24 ሰከንድ፣ ማለት ኳስ የያዘ ቡድን በዛ ጊዜ ውስጥ መወርወር አለበት የሚለው፣ የፊባ (የዓለም ባስኬት ፌዴሬሽን) ህግ ነው፣ እኛ አገር ተማሪም ክለብም በሱ ነው ሚጫወተው፣ ስለዚህ እኛ ጋ ከሃይስኩል ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ህጉ አይቀየርብህም። አሜሪካ ግን ሃይስኩሉ የራሱ ህግ አለው፣ ኮሌጁ የራሱ፣ ኤንቢኤ ደግሞ የራሱ። የሃይስኩሉን የሚጽፈው ኤንኤፍኤችኤስ የሚባል የየስቴቱ የሃይስኩል ማህበራት ፌዴሬሽን ነው፣ የኮሌጁን የኮሌጅ ስፖርት ማህበሩ ኤንሲኤኤ ይጽፋል፣ የሁለቱም ዋና ቢሮ ኢንዲያናፖሊስ ከተማ ነው፣ ጎረቤት ሆነው ህጋቸው ግን ብዙ ቦታ ላይ ይለያያል።

አሁን ወዳየኸው ነገር። በሃይስኩሉ ህግ ውስጥ ሁሉንም ስቴት የሚያስገድድ ሾት ክሎክ፣ ማለት የመወርወሪያ ሰዓት፣ የለም። ከ2022-23 የውድድር ዘመን ጀምሮ "የፈለገ ስቴት 35 ሰከንድ መጠቀም ይችላል" ተብሎ ተፈቀደ እንጂ ግዴታ አልሆነም። እነ ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ማሳቹሴትስና ሜሪላንድ ከዛ በፊትም በራሳቸው ሾት ክሎክ ይጠቀሙ ነበር፣ ሌሎች ገና ቅርብ ጊዜ ነው የገቡበት፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጭራሽ አልፈለጉም። ስለዚህ ያየኸው ጨዋታ ሾት ክሎክ የሌለበት ስቴት ውስጥ የተደረገ ከሆነ ኳሱን ይዞ መቆም ህጋዊ ነው፣ ዳኛው ምን ብሎ ይነፋል? ጠጁን ይዞ ሳያቀብል የሚያወራ ሰው ነገር ነው፣ ያናድዳል እንጂ አይከሰስም።

ግን ሙሉ ለሙሉ መረን የለቀቀ አደለም። ተከላካዩ ወጥቶ በ6 ጫማ ውስጥ፣ ወደ 1 ሜትር ከ83 ሳንቲም ማለት ነው፣ ቀርቦ ከጠበቀው ባለኳሱ 5 ሰከንድ ብቻ ነው ያለው፣ ያንን ካለፈ ኳሱ ለተቃራኒ ይሰጣል። እዚህ ጋ ነው ልዩነቱ የሚመጣው፣ ሃይስኩል ላይ ይሄ 5 ሰከንድ ኳስ ይዘህ ስትቆምም ይቆጠራል ድሪብል ስታደርግም (ኳሱን ስታነጥር) እንደገና ይቆጠራል፣ የወንዶች ኮሌጅ ላይ ግን ከ2015-16 ወዲህ ድሪብል ስታደርግ መቁጠር ቀርቷል፣ ይዘህ ስትቆም ብቻ ነው። የኛውም ፊባ ይዘህ ስትቆም ብቻ ነው ሚቆጥረው፣ ርቀቱም 1 ሜትር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ሾት ክሎክ ካለ ድሪብል እያደረገ ጊዜ የሚገድለውን ሰውዬ ሰዓቱ ራሱ ይቀጣዋል፣ ሰዓት ከሌለ ግን ያለህ መሳሪያ ያቺ የዳኛው የእጅ ቆጠራ ብቻ ናት። እና ባየኸው ቪድዮ ውስጥ ተከላካዮቹ ቀለበት ስር ስለተከመሩ ቆጠራ ሚባል ነገር አልጀመረም፣ ጥፋቱ ግማሹ የነሱ ነው። እየተመራህ አልወጣም ካልክ ተመሪ ሆነህ ትቀራለህ።

ኮሌጁም እኮ ዱሮ እንደዚሁ ነበር። 1982 ላይ ኤሲሲ በሚባለው የኮሌጆች ሊግ ፍጻሜ ኖርዝ ካሮላይና ቨርጂኒያን 47 ለ 45 አሸነፈ፣ ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ያኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ የነበረ ማይክል ጆርዳን አለ፣ ቨርጂኒያ ጋ ራልፍ ሳምፕሰን አለ፣ እንዲህ አይነት ተጫዋቾች ይዞ አሰልጣኝ ዲን ስሚዝ መጨረሻ ላይ ኳሱን አስይዞ ደቂቃዎቹን በላቸው። ቴሌቪዥን ላይ ያየው ሰው ሁሉ ተበሳጨ፣ ከዛ በ1985-86 የወንዶች ኮሌጅ ላይ 45 ሰከንድ ገባ፣ በ1993-94 ወደ 35 ወረደ፣ በ2015-16 ወደ 30። የሴቶቹ ኮሌጅ ቀድሞም 30 ነበር፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም። ኤንቢኤ ደግሞ ከሁሉም ቀድሞ ነው የነቃው፣ 1950 ላይ ፎርት ዌይን ፒስቶንስ ሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 ያሸነፈበት ጨዋታ አለ፣ አዎ 19 ለ 18፣ የሁለቱ ድምር የዛሬን አንድ ኳርተር አይሞላም። በ1954 የሲራኪዩዝ ቡድን ባለቤት ዳኒ ቢያሶኒ ሂሳቡን ሰራ፣ ጥሩ ጨዋታ ውስጥ ሁለቱ ቡድኖች አንድ ላይ 120 ያህል ጊዜ ይወረውራሉ፣ 48 ደቂቃ 2880 ሰከንድ ነው፣ 2880 ለ120 ሲካፈል 24። በቃ 24 እንደዚህ ነው የተወለደው፣ ወንድምህ በልበ ሙሉነት የጠቀሰልህ ቁጥር።

ታዲያ ሃይስኩሉ ለምን እስከዛሬ ቀረ ካልከኝ፣ አንዱ ገንዘብ ነው። ሁለት የሚበራ ሰሌዳ ከቅርጫቱ በላይ መስቀል አለ፣ ገመድ አለ፣ ከዛ በየጨዋታው ተቀምጦ የሚቆጣጠረው የሰለጠነ ሰው ያስፈልጋል፣ ሰውዬው ከተሳሳተ ጨዋታው ይበላሻል። ለትልቅ ኮሌጅ ይሄ ምንም አደለም፣ ገጠር ውስጥ ላለ ትንሽ ሃይስኩል ግን ወጪ ነው። ሌላው ደግሞ የአሰልጣኞቹ ክርክር ነው፣ አንዳንዱ "ደካማ ቡድን ጠንካራውን መቋቋም የሚችለው ጨዋታውን ሲያቀዘቅዘው ነው፣ እሱን አትንጠቁን" ይላል። እኔ በበኩሌ 35ቱ ቢገባ ነው ደስ የሚለኝ፣ 35 ሰከንድ ውስጥ የማይቀዘቅዝ ጨዋታ የለም።

ከደብረ ማርቆስ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

ጋሼ እኔ ማርች ማድነስ፣ የአሜሪካ ኮሌጆች የጥሎ ማለፍ ውድድር፣ ሲደርስ እንቅልፍ የለኝም፣ ሌሊት ነው ማየው። አንዴ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ልጁ ፋውል ተሰራበትና ፍሪ ስሮው (ነጻ ውርወራ) ሊመታ ቆመ፣ አንዱን ሳተ ወዲያው ሁሉም ለሪባውንድ ተሻማ፣ ሁለተኛውን አልሰጡትም። ሌላ ጨዋታ ላይ ግን ሁለቱንም መታ። ሃይስኩል ቪድዮ ላይ ደግሞ ሁሌ ሁለት ነው። ዳኞቹ ናቸው የሚለያዩት ወይስ ህጉ?

መልስ፦ ህጉ ነው፣ ዳኞቹን ማር በላቸው። ያየኸው ዋን ኤንድ ዋን ይባላል፣ የመጀመሪያውን ካገባህ ሁለተኛ ይሰጥሃል፣ ከሳትክ ኳሱ በህይወት አለ፣ ጨዋታ ይቀጥላል። የወንዶች ኮሌጅ ላይ ተቃራኒ ቡድን በአንድ ሃፍ ውስጥ 7ኛ ፋውሉን ሲሰራ ይሄ ዋን ኤንድ ዋን ይጀምራል፣ 10ኛው ላይ ሲደርስ ደግሞ ያለቅድመ ሁኔታ ሁለት ይሆናል። ስለዚህ አንዱን ያየኸው ከ7 እስከ 9 ባለው ላይ ነው፣ ሌላውን ከ10 በኋላ።

ሃይስኩሉም እስከ ቅርብ ጊዜ እንደዚሁ ነበር። በ2023-24 ቀየሩት፣ አሁን ፋውል በኳርተር ነው ሚቆጠረው፣ 5ኛው ላይ ሁለት ፍሪ ስሮው፣ ኳርተሩ ሲያልቅ ቆጠራው ወደ ዜሮ ይመለሳል፣ ማለት ከኛ ፊባ ጋር ተመሳሰለ። ምክንያት ብለው ካቀረቡት አንዱ የልጆቹ ጉዳት ነው፣ አንድ ፍሪ ስሮው በተሳተ ቁጥር ስድስት ልጅ ቀለበት ስር ክርን ለክርን ይጋጫል፣ ያንን ለመቀነስ ነው። እሺ፣ ምክንያቱ ይገባኛል፣ ግን ዋን ኤንድ ዋን ሲቀር ትንሽ ከፍቶኛል። ሁለት ኳስ እንደተሰጠህ አውቀህ መምታት እና "ይሄን ከሳትኩ ሌላ የለኝም" እያልክ መምታት አንድ አደሉም፣ ጉልበት የሚንቀጠቀጠው እዛ ላይ ነው። ኮሌጁ ሳይጥለው በመቅረቱ ደስ ይለኛል።

ይሄ የፋውል ቆጠራ ጉዳይ የጊዜው አከፋፈል ልጅ ነው። ሃይስኩል 4 ኳርተር እያንዳንዱ 8 ደቂቃ፣ ድምሩ 32። የወንዶች ኮሌጅ ሁለት ሃፍ እያንዳንዱ 20 ደቂቃ፣ ድምሩ 40። ተጨማሪ ሰዓት ሃይስኩል 4 ደቂቃ ኮሌጅ 5። ሃፍ ረጅም ስለሆነ ኮሌጅ ላይ መጀመሪያ ያበላሸ ቡድን ዕዳውን ረጅም ጊዜ ተሸክሞ ይቆያል፣ ገና 12 ደቂቃ እየቀረው 7 ፋውል የሞላ ቡድን ስታይ በቃ ከዛ በኋላ መከላከሉ ሁሉ በፍርሃት ነው። ሃይስኩል ላይ ግን 8 ደቂቃ ቆይቶ ስሌቱ ይታጠባል። ለልጅ ይሄ የተሻለ ነው ብዬ አስባለሁ፣ የአንድ የተናደደ ልጅ ሶስት ፋውል ቡድኑን እስከ እረፍት ድረስ አያስቀጣም። የግል ፋውል ግን ሁለቱም ጋ 5 ነው፣ 5 ከሞላ መውጣት።

ሌላው ዓይንህ ላይ ሊመጣ የሚገባው የሶስት ነጥብ መስመሩ ነው። ሃይስኩል ከ1987-88 ጀምሮ 19 ጫማ ከ9 ኢንች ነው፣ 6 ሜትር ከ2 ሳንቲም። የወንዶች ኮሌጁም መጀመሪያ እዛው ነበር፣ በ2008-09 አንድ ጫማ ገፉት፣ በ2019-20 ደግሞ የፊባው 6.75 ላይ አደረሱት፣ ሴቶቹ በ2021-22 ተከተሉ። ስለዚህ ሃይስኩል ላይ ሶስት ነጥብ ሲያዘንብ የነበረ ልጅ ኮሌጅ ሲገባ 73 ሳንቲም ወደኋላ ሄዶ ነው ሚጀምረው፣ ቪድዮ ላይ ያበደ የሚመስለው ወርዋሪ ኮሌጅ ላይ አንደኛ ዓመት ሲቀዘቅዝ ብታይ አትገረም፣ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ሌላው የሚጠብቁት ልጆች ከሱ እኩል ረጃጅም መሆናቸው። ሜዳውም ይለያያል፣ ሃይስኩሉ በርዝመት 84 ጫማ፣ 25.6 ሜትር ገደማ፣ ኮሌጁ 94 ጫማ፣ ወደ 28.65 ሜትር። ስፋታቸው ግን አንድ ነው፣ የቀለበቱም ከፍታ የትም አይቀየርም፣ 3.05 ሜትር።

ከዛ ቅርጫቱ ስር ያለችው ግማሽ ክብ አለች። ኮሌጅ ላይ ከ2011-12 ጀምሮ ተሰመረች፣ መጀመሪያ 3 ጫማ ነበረች፣ በ2015-16 ደግሞ 4 ጫማ ሆነች፣ ተከላካይ እዛ ውስጥ ቆሞ "ገጨኝ" ብሎ የአጥቂ ፋውል ማግኘት አይችልም። ሃይስኩል ላይ እሷ መስመር የለችም። ቀለበቱ ስር ተተክለህ ቆመህ በራሪው ልጅ ቢወድቅብህ፣ ቀድመህ ቦታ ይዘህ ከነበረ ፋውሉ የሱ ነው። እውነቱን ለመናገር ይሄ አይገባኝም፣ ልጆቹን ለመጠበቅ ዋን ኤንድ ዋንን ያነሳ ፌዴሬሽን አየር ላይ ላለ ልጅ እቺን ግማሽ ክብ ቢያሰምርለት ምን ነበረበት?

ቀሪውን ቶሎ ቶሎ። ኮሌጅ በመጨረሻው ደቂቃ ላይ ኳስ ሲገባ ሰዓቱ ይቆማል፣ ሃይስኩል ላይ አይቆምም፣ ስለዚህ እየተመራህ ሰከንድ ለማትረፍ ታይም አውት ማቃጠል አለብህ፣ ያለህ ደግሞ ለሙሉ ጨዋታው 5 ብቻ ነው፣ ሶስቱ የደቂቃ ሁለቱ የ30 ሰከንድ። ሃይስኩል አሰልጣኝ ቡድኑ ኳስ ይዞ ጨዋታ እየሄደም ታይም አውት ብሎ መጮህ ይችላል፣ የወንዶች ኮሌጅ አሰልጣኝ ከ2015-16 ወዲህ ኳስ በህይወት እያለ አይችልም፣ ተጫዋቹ ነው ሚጠይቀው። ቴሌቪዥን ላይ ጨዋታው ቶሎ ቶሎ እየቆመ ማስታወቂያ ሲገባብህ የምትናደደው ደግሞ በየሃፉ ከ16፣ ከ12፣ ከ8 እና ከ4 ደቂቃ በታች ሲሆን ኳስ በቆመ ቁጥር የሚዲያ እረፍት ስላለ ነው፣ ሃይስኩል ላይ ይሄ የለም። ዳኞች ሞኒተር ላይ ሄደው የሚያዩትም በዋናነት የኮሌጅ ነገር ነው።

ከዳንግላ፣ የ10ኛ ክፍል ተማሪ

ሰላም ጋሼ፣ የአባቴ ፕሮሰስ አልቆ በዚህ ክረምት ሜሪላንድ ልንሄድ ነው። እዚህ ለትምህርት ቤቴ እጫወታለሁ፣ እዛም መጫወት እፈልጋለሁ። ህጉ ይከብደኛል ወይ? ደግሞ ማተቤን አውልቂ ይሉኛል ብላ አክስቴ አስፈራርታኛለች፣ እውነት ነው?

መልስ፦ እንኳን ደስ አለሽ እህቴ፣ መንገዱን ያቅናላችሁ። ከማተቡ እንጀምር፣ ጭንቀቱ እሱ ስለሆነ። የሃይስኩሉ ህግ ጌጣጌጥ ይከለክላል፣ ጆሮ ጌጥ፣ ቀለበት፣ አምባር፣ ሁሉም ይወልቃል። ግን የሃይማኖት ምልክት እንደ ጌጥ አይቆጠርም፣ መስቀሉ ሰውነትሽ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ ከማሊያው ስር እስከሆነ ድረስ ይፈቀዳል። ስለዚህ ለአክስትሽ ንገሪያቸው። ከጨዋታ በፊት ለአሰልጣኝሽ አሳውቂ፣ ረዘም ያለ ከሆነ አሳጥሪው፣ መስቀሉ ሹል ጫፍ ካለው ደግሞ ለራስሽም ቢሆን ለስለስ ያለ አድርጊ። ከመጀመርሽ በፊት አብዛኛው ቦታ የሀኪም ምርመራ ወረቀት ይጠይቃሉ፣ ትምህርት ቤት ስትመዘገቢ አብረሽ ጠይቂ፣ የባስኬቱ ወቅት ክረምታቸው ላይ ነው፣ ህዳር አካባቢ ነው ሚጀምረው፣ ጊዜ አለሽ።

ህጉ ብዙም አይከብድሽም፣ ኳሱ እዚህ የምትጫወቺበት ቁጥር 6 ራሱ ነው፣ የሶስት ነጥቡ መስመር እንደውም ቅርብ ይሆንልሻል። አንድ የሚያስቸግርሽ ነገር እርምጃ ነው። ፊባ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ እየሮጥሽ ኳሱን ስትሰበስቢ መሬት ላይ ያለችውን እግር እንደ ዜሮ ነው ሚቆጥረው፣ ከዛ ሁለት እርምጃ አለሽ። የሃይስኩሉ ህግ ውስጥ ይሄ ዜሮ እርምጃ አልተጻፈም። እዚህ ማንም ያልነፋብሽን ሌይአፕ እዛ ትራቭሊንግ (ትርፍ እርምጃ) ሊሉሽ ይችላሉ፣ ተናደሽ ከዳኛ ጋር አትከራከሪ፣ ከመሄድሽ በፊት ኳሱን ይዘሽ አንድ ሁለት ብለሽ መጨረስ ተለማመጂ፣ እንደዛ ከለመድሽው በየትኛውም ህግ ልክ ነሽ። መሃል መስመሩን ለማለፍ እዛ 10 ሰከንድ አለሽ፣ እኛ ጋ 8 ነው፣ እሱ ትርፍ ነው።

ወደፊት ኮሌጅ ከደረስሽ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለ፣ የሴቶቹ ኮሌጅ ከወንዶቹ ይልቅ ለኛ ህግ ነው ሚቀርበው። ከ2015-16 ጀምሮ ሴቶቹ ሃፉን ትተው 4 ኳርተር እያንዳንዱ 10 ደቂቃ ይጫወታሉ፣ 5ኛ የቡድን ፋውል ላይ ሁለት ፍሪ ስሮው፣ ዋን ኤንድ ዋን የለም። ወንዶቹ ናቸው በሃፋቸው ሙጭጭ ያሉት።

ከቢቸና፣ የስፖርት መምህር

የትምህርት ቤታችን ሜዳ በሲሚንቶ ተሰርቷል ግን መስመር የለውም። ተማሪዎቼ ከኢንተርኔት ያገኙትን የአሜሪካ ሃይስኩል ልክ አምጥተው "ለኛ እድሜ ይሄ ነው" ይሉኛል። በየትኛው ላስምር? ሾት ክሎክስ ሳይኖረን ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር እንዴት እንጫወት?

መልስ፦ መምህር፣ በፊባው ያስምሩ። ልጆቹ ነገ ዞንም ይሂዱ ክልል የሚገጥማቸው እሱ ነው፣ ዓመት ሙሉ በ6.02 ተለማምደው ውድድር ላይ 6.75 ሲያዩ ኳሱ ሁሉ አጭር ይሆንባቸዋል። የልጆቹ ክርክር ግን መሰረት የለውም ማለቴ አደለም፣ ለ9ኛ ክፍል ጀማሪ 6.75 ይርቃል፣ ለነሱ ልምምድ ሲባል ውስጥ ላይ በኖራ ቀጭን መስመር ቢጨምሩ ማንም አይከስዎትም።

ልኩ ይሄ ነው፣ ሜዳው ከመስመር ውስጥ ለውስጥ 28 በ15 ሜትር። የቀለበቱን መሃል ነጥብ መሬት ላይ ለማግኘት ከጀርባ መስመሩ ውስጠኛ ጠርዝ 1.575 ሜትር ወደ ሜዳ ይለኩ፣ እዛ ላይ አንድ ልጅ ገመድ ረግጦ ይቁም፣ ሌላው 6.75 ላይ ጠመኔ አስሮ ይዙር፣ ያ የመስመሩ የውጭ ጠርዝ ነው። ጥጉ ላይ ግን ክቡ አይቀጥልም፣ ከጎን መስመሩ 90 ሳንቲም ገባ ብሎ ቀጥ ያለ መስመር ነው፣ ከጀርባ መስመሩ ወደ 2.99 ሜትር ሄዶ ከክቡ ጋር ይገናኛል፣ ብዙ ሜዳ ላይ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። የፍሪ ስሮው መስመሩ የሩቅ ጠርዝ ከጀርባ መስመሩ 5.80 ላይ ይውላል። የመስመር ውፍረት 5 ሳንቲም። ግቢው ካልበቃዎት ከመሃል ያሳጥሩት፣ ቀለበቱንና ክቡን ግን አይንኩ።

ሰዓቱን በተመለከተ አንድ ረጋ ያለ ተማሪ ስልክ ይዞ ጠረጴዛው ጋ ይቀመጥ፣ ኳስ ቡድን እጅ ሲገባ ይጀምራል፣ የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች ጮክ ብሎ ወደ ታች ይቆጥራል፣ ሲያልቅ እጁን ያነሳል፣ ዳኛው ይነፋል። ኳሱ ቀለበት ነክቶ አጥቂው ራሱ ሪባውንድ ከያዘ 24 ሳይሆን 14 ነው ሚሰጠው። ሰዓት ያዡ ከሁለቱም ትምህርት ቤት ባይሆን ይመረጣል፣ ካልሆነ በየሃፉ ይቀያየሩ። ቆጣሪው ሁለት ሶስት ጊዜ መሳሳቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ዳኛው የመጨረሻውን ቃል እንዲወስን ከጨዋታው በፊት ከጎረቤት መምህሩ ጋር ተስማምታችሁ ወረቀት ላይ ፈርሙ። 24 ለጀማሪዎቹ ከፈጠነ እንደ አሜሪካኖቹ 35 አድርጉት፣ የወዳጅነት ጨዋታ እስከሆነ ድረስ ምንም ችግር የለውም፣ ጨርሶ ያለሰዓት ግን አትጫወቱ፣ የፍኖተ ሰላሙ ልጅ ያየው ነገር ይደርስባችኋል።

ከቡሬ፣ ስሜን አትጻፉ ያለ አንባቢ

ሁለት አጭር ጥያቄ። የአሜሪካ ሃይስኩል ተጫዋች ሲያሟሙቅ ዳንክ አድርጎ፣ ማለት ዘሎ ኳሱን በእጁ ቀለበት ውስጥ ከቶ፣ ቴክኒካል ፋውል (የስነ ምግባር ቅጣት) ተሰጠበት፣ ቀልድ ነው? ፋውልስ 6 አይደለም እንዴ ሚያስወጣው?

መልስ፦ ቀልድ አደለም። ሃይስኩል ላይ ኳስ በሞተበት ጊዜ፣ ከጨዋታ በፊት ሲያሟሙቁም ጭምር፣ ዳንክ ክልክል ነው፣ ጨዋታው ሳይጀመር ለተቃራኒ ፍሪ ስሮው ይሰጣል። ጨዋታ ውስጥ ግን እንደልብ ነው። ኮሌጁ የማሟሟቂያውን ክልከላ በ2015-16 አንስቷል፣ ዱሮ ግን ጭራሽ ብሶበት ከ1967 እስከ 1976 ጨዋታ ውስጥም ዳንክ ከልክሎ ነበር፣ ያኔ ዩሲኤልኤ ውስጥ 2 ሜትር ከ18 የሆነ ሉ አልሲንዶር የሚባል ልጅ ነበር፣ በኋላ ከሪም አብዱልጀባር የሆነው። እሱም መንጠቆ ሾቱን አሳምሮ ተገላገላቸው።

6 የኤንቢኤ ነው። ሃይስኩልም ኮሌጅም እኛም 5።